የፋቀ ይታጠብበታል

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንድ ሶርያዊ ሱቅ ውስጥ ቡናማ የወይራ ዘይት ሳሙና አንስቼ ሳሸተው አክስቴ ትዝ አለችኝ።

ሐረር፣ ሸዋ በር፣ ይህንኑ ከሶርያ የሚመጣ ሳሙና ትሸጥ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ለምሳ ወጣ ስትል፣ ያረጀ መስሎኝ የላዩን ቡናማ በቢላ ፍቄ፣ የውስጡን አረንጓዴ አውጥቼ ደረደርኩላት። ስትመለስ ራሷን ያዘች።

«ቡናማው እኮ ነው ዓመት ሙሉ መድረቁን የሚመሰክርለት። አሁን ማን ያምነኛል?» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «በቃ፣ የፋቀ ይታጠብበታል።»

የፋቅኩትን ሳሙና ዓመቱን ሙሉ እኔኑ እያጠበች ጨረሰችው።

«ማሚ፣ ይሄማ ኤክስፓየር አድርጓል» አለች አሁን ሱቁ ውስጥ አብራኝ ያለችው ልጄ፣ ሳሙናውን ተቀብላኝ በጥፍሯ ጫር እያደረገች። አረንጓዴው ብቅ ሲል ደንግጣ ወደ መደርደሪያው ልትመልሰው አለች። ወስጄ ቅርጫታችን ውስጥ ከተትኩት።

«የፋቀ ይታጠብበታል» አልኳት።