ዘጠኝ ሰዓት በመጋዘኑ ውስጥ

የታሰርኩት መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ነበር። በረሃቡ ጊዜ ባዶውን ከርሞ ወለሉ ላይ የገብስ ብናኝ ብቻ ቀርቶበታል። በሩ ሲዘጋብኝ መጀመሪያ ያየሁት ከጣሪያው የምስማር ቀዳዳ የወረደች፣ ሳንቲም የምታህል ብርሃን ነው። ቀጥሎ የኔታን አየሁ።

የኔታ የማስተምርበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ምድር ትዞራለች ብዬ በማስተማሬ ተማሪዎች ፊት ገሥጸውኛል። እኔም ዳዊት የምደግም ሰው ነኝና ሳይንስና እምነት እንደማይጣሉ በሦስት ገጽ አብራርቼ ጻፍኩላቸው።  ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሌ እየመጡ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር። ለውጡ ሲመጣ እሳቸው «አድኃሪ» ተብለው ታሰሩ። እኔ ደግሞ «እግዚአብሔር የለም ብለህ አስተምር» ስባል እምቢ በማለቴ ተከተልኳቸው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ውጭ ቢሆኑ ጥላቸውን በእግራቸው ለክተው ያውቁታል፤ እዚያ ግን ጥላ የለም። እንዳይሳሳቱ ሲሉ እስኪመሽ ይጾሙ ጀመር። ዘቦች የሚቀያየሩት በሦስትና በስድስት ሰዓት ስለነበር፣ ብርሃኗ በሁለቱም ሰዓቶች ያረፈችበትን ቦታ ወለሉ ላይ ጫርኩ። ከቀትር በፊትና በኋላ ያለው መንገድ እኩል ነው፤ በስንዝር ለክቼ ዘጠኝን አገኘሁ።

«አየህ፣ ፀሐይ ነች የምትሄደው» አሉኝ የኔታ።

«ምድር ነች፣ የኔታ።»

አብረውን የታሰሩት የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሳቁ። «ወላሂ፣ የፈለገችው ትሂድ! ሶላቴ እንዳያልፈኝ ብቻ ንገሩኝ።»

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እስረኞቹን የሚመረምረው ካድሬ አስጠራኝና ወረቀት ሰጠኝ።

«ይኼ ቄስ ሳይንስ እንዳታስተምር እንደከለከለህ ጻፍ። ዛሬውኑ ትወጣለህ። ገሥጾህ የለም እንዴ?»

ገሥጸውኛል። ቂሙም አልወጣልኝም ነበር። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ «አልተስማሙም፤ ተከራከሩኝ። ክፍሉን ግን አልዘጉብኝም» ብዬ ጻፍኩ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የሆነው ነው፣ ጓድ። ላብራራ?»

«ሄደህ እዚያው አብራራ!»

ስመለስ ብርሃኗ ከጫርኩት ምልክት ብዙ አልፋለች። የኔታ ዳቧቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ዘጠኝ እኮ አልፏል!»

«አይቻለሁ። ልኩ ያንተ ነው፤ አንተ ሳትል እንዴት እቆርሳለሁ? ምን አሉህ?»

«ስለ እርስዎ ጻፍ አሉኝ። አልተስማሙም ብዬ ጻፍኩ።»

«እውነት ነው፤ አልተስማማሁም» አሉና ዳቦውን ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ እዚያው ታስሬ ወራት ቆየሁ። ዛሬም አስተማሪ ነኝ፤ ከእኔ ጋር የማይስማማን ተማሪ ከሁሉ አስቀድሜ አናግራለሁ። የኔታም ተፈተው እስኪያርፉ ድረስ ምድር መዞሯን አላመኑልኝም። ሰማዩ ደመና በሆነ የጾም ቀን ግን፣ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ዘጠኝ መድረሱን ሰው ልከው የሚያስጠይቁት እኔን ነበር።