የሶዲየም የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። ዛሬም አልረሳውም።

ኮምቦልቻ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ እማራለሁ። በዚያ ሰሞን የኬሚስትሪ መምህራችን፣ «የሶዲየም አቶም አሥራ አንድ ፕሮቶን እያለው፣ ጫፍ ላይ ያለችውን ኤሌክትሮን ለምን በቀላሉ ያጣታል?» ብለው ጠየቁን።

እኔ ቀደም ቀደም ብዬ፣ «ስበቱን ለውስጠኞቹ አካፍሎ ስለጨረሰ ነው» አልኩ።

ከልቤ ነበር። ለቤታችን የመጨረሻዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ከታላላቆቼ የተረፈ ፍቅር ያላቸው አይመስለኝም ነበር። ደላላ ዓረብ አገር ልላክሽ ሲለኝ ዓይኔን ሳላሽ እሺ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

መምህራችን ፈገግ አሉ። «አይ ዘሀራ፣ ስበት ተካፍሎ አያልቅም። አሥራ አንዱም ፕሮቶኖች እሷንም ይስቧታል። መሀል ያሉት አሥሩ ኤሌክትሮኖች ግን ወደ ውጭ ስለሚገፏት ስበቱ የሚሰማት በጥቂቱ ነው።»

ጻፍኩት፤ አላመንኩትም።

በሳምንቱ፣ ዓረብ አገር ልሄድ መሆኔን ሳልናገር አባቴን አይቼ ልመለስ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ገራዶ ወጣሁ። ቤታችን ወዳጃ ነበር፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። አባቴን ወንድሞቼና ሰዉ ከበዋቸዋል። ዘግይቼ ስለደረስኩ በሩ ጥግ ተቀመጥኩ። አላዩኝም። ጉምጉምታው ድምፃቸውን ስለዋጠብኝ፣ የሚሉትን ሳልሰማ የፊተኞቹ አሚን ሲሉ እኔም አሚን እላለሁ።

ስልኬ ጠራ። ደላላው ነው። ልወጣ ብድግ አልኩ።

ወዲያው አዛን ተሰማ፤ ሰዉም ለሶላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ተነስቶ ወጣ። አባቴ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ዱዓቸውን ቀጥለዋል።

«ያ ረቢ፣ ዘሀራዬን አደራ። ከዓይኔ የራቀችውን አንተ ጠብቅልኝ።»

በሩ ጥግ መልሼ ተቀመጥኩ። ታላቅ እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና፣ «ምነው ደነገጥሽ? ሁሌም ደጋግመው የሚያነሱት አንቺን ነው እኮ። ቅድም ሁላችንም አሚን ስንል የነበረው ላንቺ ነው» አለችኝ።

ሱብሃነላህ! ለካ ሳላውቀው ለራሴው ዱዓ ነው አሚን ስል የቆየሁት። በዓይን የማትታይ አቶም ውስጥ ያለው ነገር እኛ ቤትም ነበር።

ስልኩ ደግሞ ጠራ። ዘጋሁት።

አሁንም ኮምቦልቻ ነኝ። አባቴ ዛሬም ብዙ አያወሩኝም። ዝም ሲሉኝ ግን አይከፋኝም፤ ስበቱ ሙሉውን እንዳለ አውቃለሁ።