ቴክ የሚሉት ቃልና ልጄ ራሕማ

ከሊሙ ገነት የወጣነው መግሪብ ሊሰገድ ሲል ነው። ጎረቤት ውሃ ልትቀዳ ወጣች እንዲል ድስቱን ምድጃው ላይ ትቼ በሩን ገርበብ አደረግሁት። በዚያ በደርግ ዘመን ባሌን ቡና ደብቀሃል ብለው ወስደውታል፤ ቀጣይዋ እኔ መሆኔን አንድ ዘመድ ሹክ ብሎኛል። የስምንት ዓመት ልጄን ራሕማን ጅማ ሰርግ እንሄዳለን አልኳት። እሷም በየኬላው ላገኘችው ወታደር ስለ ሰርጉ ታወራለች። እኔ ጓዙን ስፈታና ስቋጥር፣ እሷ ስታወራ፣ እንዲህ ሆነን ሞያሌን ተሻግረን ኬንያ ገባን።

የናይሮቢ ብርድ የጅማን ይመስላል፤ ዝናቡ ግን እንደኛ ቀኑን ሙሉ አይቆይም፣ ገርፎ ይሄዳል። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ መሃሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የለውም። አከራያችን ደግሞ «የእናንተ ሰላምታ ሳያልቅ ይመሻል» እያለች በሩን ትዘጋብኛለች።

ስደተኛ ወደ ሌላ አገር የሚልከው ቢሮ ፊት ከመቅረባችን በፊት፣ ጅማ ያስተምር የነበረ መምህር ታደሰ የሚባል ሰው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰብስቦ እንግሊዝኛ ያስተምረን ጀመር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።

«ቴክ ማለት መውሰድ ነው» አለን። «ብቻውን ግን አትመኑት። ቴክ ኤ ባስ አውቶቡስ መሳፈር ነው። ቴክ ሜዲስን መድኃኒት መዋጥ። ቴክ ኬር መጠንቀቅ። ቴክ አፍተር ወላጅን መምሰል። ቴክ ኢን ደግሞ ሰውን አስጠግቶ ማኖር።»

«መምህር፣ ይሄ ቃል ቀበሌ ነው እንዴ? የማይወስደው የለም» አለች አንዲት የአጋሮ ሴት።

ሳቅን። ምሳሌ ስጡ ሲለን ግን ሁላችንም ደብተራችን ላይ አቀረቀርን። እኛ ዘንድ ወሰዱት ከተባለ፣ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም።

ስንበተን መምህሩ ለብቻዬ ጠራኝ። «የራሕማ እናት፣ ልጅቷ እርስዎን አትመስልም፤ ይጠይቁዎታል። ቴክ ኢን ይበሉ።»

«እሱ ከዝናብ ለተጠለለ እንግዳ ነው። ራሕማ ልጄ ናት» አልኩት።

የወለደቻት የባሌ እህት ናት፤ እኔ በጉዲፈቻ ተቀበልኳት። ሽማግሌ ፊት አናቷን ቅቤ ቀብተን፣ ወላጇ ዳግመኛ ልጄ ላትል፣ እኔም አልወለድኳትም ላልል ምለናል። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አፉን አይከፍትም።

በቀጠሮዬ ቀን ቢሮው ውስጥ ጠያቂው በአስተርጓሚ «ወልደሻታል?» አለኝ።

«ልጄ ናት።»

«ወልደሻታል ወይ ነው ያልኩሽ።»

በጉዲፈቻ ነው አልኩ፤ አስተርጓሚው «ቴክ ኢን» ሲል ሰማሁት።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የተቀበልሻት?»

«ልጅ ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚሆነው?»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ፤ ጠያቂው አልሳቀም። የወለደቻት ሴት ፈቃዷን በጽሑፍ ካልሰጠች፣ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች፣ አንቺ ብቻሽን ትሄጃለሽ አለኝ።

በሰው መልእክት ልኬ የባሌን እህት ጅማ ቴሌ አስጠራኋት፤ እኔም ከናይሮቢ ፖስታ ቤት ደወልኩ።

«ልጅሽ ደህና ናት?» አለችኝ ከሁሉ አስቀድማ።

«ደህና ናት። እባክሽ ስሚኝ፣ ወልጄ ሰጥቻታለሁ ብለሽ ጻፊልኝ። ይህን ካልጻፍሽ ይለያዩናል።»

መስመሩ ላይ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ የእሷ ይሁን የሚያዳምጠን ሰው አላወቅሁም።

«እኔ ሴት ልጅ የለኝም፣ የራሕማ እናት» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ያንቺ ናት።»

«በአላህ ይዤሻለሁ።»

«እኔስ የማልኩት በማን ነው?»

መስመሩ ተቋረጠ። ኦፕሬተሯ እንድትደግምልኝ ለመንኳት፤ ጅማ አይመልስም አለች።

ራሕማ የፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«አክስቴ ስለ እኔ ጠየቀች?»

«ጠየቀች» አልኳት።

«ምን አለች?»

እጇን ያዝኩና መንገዱን አሻገርኳት። ምን እንዳለች እስከ ቤት ድረስ ጠየቀችኝ።