ከፖስታ ሳጥን የተገኘ ስም

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስትሙር ሰፈር በተከራየናት ቤት ጓሮ፣ አባቴ በቆሎ ጠብሶ የጨረሰበት ግሪል ፍሙ ሳይከስም፣ አባባ የምላቸው አያቴ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ተረት ይጀምሩልኝ ነበር። ያኔ የኮሎምበስ በጋ የማያልቅ ይመስለኝ ነበር። ጭሱ ወደ ፊቴ ሲዞር አባባ በባርኔጣቸው ያራግቡልኛል፤ የጎረቤት የጓሮ መብራት በአጥሩ ክፍተት ገብቶ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል፤ እኔ የተረፈውን በቆሎ እየፈለፈልኩ አዳምጣለሁ።

የአባባ ተረት ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ አልነበረም፤ ስለ ዘራችን ነበር። የሳቸው አባት ተክሌ፣ በሠርጋቸው ቀን ወንዝ ሞልቶባቸው ከማዶ ሆነው ወደ ሙሽሪት ሲጮኹ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ምን ብለው እንደጮኹ አባባ ተነሥተው ያሳዩኛል፣ እናቴ ከኩሽና «ኧረ አባባ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል!» ትላለች። የተክሌ አባት እንግዳ ደግሞ ጃርት ከማሳቸው ለማባረር ሲጮኹ አድረው ድምፃቸው የተዘጋ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሹክሹክታ የኖሩ ናቸው። ያንን ተረት አባባም በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ከእንግዳ በላይ ያሉትን ግን አልነግር አሉኝ። ሰባት ቤት ድረስ አስቆጥርሃለሁ፣ ግን አንዱን በደንብ ሳትይዝ ሌላውን አልሰጥህም፣ የቀሩት ለከርሞ ይሉኛል። እኔም እሺ፣ ከርሞ መቼም አይቀርም ብዬ እተኛለሁ።

አባባ በስማቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። አሜሪካ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆን የለ፣ አባቴ ታደሰ በዛብህ «ሚስተር በዛብህ» ነበር የሚባለው፣ እኔም ትምህርት ቤት ናትናኤል በዛብህ ነበርኩ። አባባ ከአገር ቤት መጥተው ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። አባቴ ስልክ ሲደወልለት፣ የመብራት ቢል ሲመጣ፣ የክፍሌ ልጆች በአጥሩ ላይ ሲጣሩኝ፣ በሁሉም ቦታ የሳቸው ስም ነው። «ስም አስጠሪ ወልጃለሁ እኮ! ፈረንጁ ሁሉ በዛብህ፣ በዛብህ ነው የሚለው!» እያሉ ቤተ ክርስቲያን ላገኙት ሁሉ ይናገሩ ነበር። እሳቸውን ደግሞ ክሊኒክ «ሚስተር ተክሌ» ሲሏቸው፣ «አባቴ ሞተውም ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ» ብለው ይስቃሉ።

አባቴ ግን አይስቅም ነበር። አገር ቤት መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ ግሮቭ ሲቲ በሚገኝ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሀውስ ውስጥ ካርቶን ስካን ያደርጋል። ከሥራ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥና ለቢሮ ሥራ አፕላይ ያደርጋል፤ መልስ የለም። የምንኖርበት ቤት ፖስታ ሳጥን ላይ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩ ሽማግሌ ስም ሳይላጥ ቀርቶ ነበር፤ ቲስልትዌይት። ሰውየው ያለ ልጅ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ደብዳቤያቸው ግን አሁንም ይመጣል። አንድ ቀን አባቴ ከፖስታ ሳጥኑ «ውድ ሚስተር ቲስልትዌይት» የሚል ፖስታ አውጥቶ «እዩት እስኪ! ለሞተ ሰው ይጽፋሉ፣ እኔን ግን በቁሜ ዝም ይሉኛል!» ብሎ ሲናደድ አስታውሳለሁ።

ዜግነት ያገኘ ጊዜ ስሙን ለወጠ፤ የእኔንም አብሮ። ስሚዝ ወይም ጆንሰን ቢል እንኳ ደግ ነበር። አባቴ ግን ብርቅ ስም የትልቅ ሰው ስም ነው ብሎ አመነና ከፖስታ ሳጥኑ ላይ ቲስልትዌይትን ወሰደ። ላይብረሪ ሄዶ አነበበ። ስሙ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ነው፣ በራሱ አገር እንኳ የሚጠራበት ጥቂት ነው፣ ኮሎምበስ ውስጥ ደግሞ ከሞቱት ሰውዬ በቀር ሰምቼ አላውቅም እያለ ለእናቴ ያስረዳታል።

«ታዴ፣ ጤና የለህም እንዴ? እኔ ይህን ስም አፌ ላይ ማዞር አልችልም» አለችው። «አባባስ?»

«አባዬ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ ማን ይነግራቸዋል? ልጁ እንደ እኔ በር ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ወደ እኔ ዞሮም ለአባባ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። እኔም «ኦኬ» አልኩ።

እውነትም ቀጣሪዎች ኮል ያደርጉለት ጀመር። አንዳንዶቹ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ይጠይቁትና አብረው ይስቃሉ፤ ኢንተርቪው ሲሄድ ግን በሩን ከፍተው ከኋላው ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ያያሉ። ክራቫቱን መኪና ውስጥ ፈትቶ ይገባና «እንደውልልሃለን ብለዋል» ይላል። ሳይደውሉ ቀሩ።

አምስተኛ ክፍል የጨረስን ዕለት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ስማቸውን እየጠራ መድረክ ላይ ያወጣ ነበር። አባባ ይህን ሰምተው ከማለዳ ጀምሮ ሱፋቸውን ለብሰው ተቀመጡ። አባቴ ይቅርብዎት፣ ወንበሩ አይመችዎትም ቢላቸው፣ «ስሜ በአዳራሽ ሲጠራ ቤት ልቀመጥ?» አሉት። እናቴ አቀርቅራ ጫማዬን ታስርልኝ ነበር። 

መምህሯ «ናትናኤል ቲስልትዌይት» አለች። ወጣሁ። እጄን ስትጨብጠኝ አባባ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ተሳስታለች! በዛብህ ነው! በዛብህ በሏት!»

አዳራሹ ዞሮ አያቸው። በልጅ ልጃቸው ደስ ያላቸው መስሏት ከኋላ አንዲት ሴትዮ አጨበጨበች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ተከተላት። አባቴ የኮታቸውን ጫፍ ይጎትታል፣ እሳቸው በጭብጨባው መሃል «በዛብህ!» ይላሉ።

መኪና ውስጥ ገብተንም መምህሯን አነጋግርልኝ እያሉ አስቸገሩት። አባቴ ሞተሩን ሳያስነሣ መሪውን ያዘ።

«አልተሳሳተችም አባዬ። ስማችንን ለውጫለሁ።»

«በማን ስም?»

«ከእኛ በፊት ቤታችን ይኖሩ በነበሩት ሰውዬ።»

«ምንህ ናቸው?»

«ምኔም አይደሉም። አላየኋቸውም፣ ሞተዋል።»

«ልጅ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

አባባ ከፊት ወንበር ዞረው አዩት። «የሳቸው ስም እንዳይጠፋ ብለህ የኔን አጠፋኸው?»

አባቴ ስለ ስሙ ያነበበውን መዘርዘር ጀመረ። ዱሮ እዚያ አገር ሰው ተወልዶ ባደገበት ቦታ ይጠራ ነበር፤ ቦታውን ጥሎ የሄደ ሰው ስሙን ይዞት ይሄዳል፤ ቲስልትዌይትም ኮሸሽላ፣ ያ እሾሃማ አረም፣ ተመንጥሮ የተገኘ መስክ ማለት ነው አላቸው። የትልቅ ሰው ስም ነው ያለን፣ የመንጣሪ ገበሬ ስም ነበር።

አባባ በሰፈራ ጊዜ ባሌ ሄደው፣ ያንኑ ኮሸሽላ በእጃቸው ነቅለው ባወጡት ማሳ ምርት ነው አባቴን ያስተማሩት። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«ታዲያ እኔ ምን ስመነጥር ኖርኩ፣ ታደሰ?» አሉ። አባቴ አለቀሰ። እናቴ ቤት እንሂድ እስክትል ድረስ መኪናው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ አባባ አልተቆጡም፣ አላኮረፉም። ይበላሉ፣ ይመርቁናል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ግሪሉ ሲቀጣጠል ግን ብርዱ ብለው ከቤት አይወጡም፣ በሐምሌ፣ በኮሎምበስ የሙቀት ወር። አንድ ማታ ክፍላቸው ገብቼ ከእንግዳ በላይ ማን እንደነበር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ራሴን ዳሰሱኝና «ምን ያደርግልሃል የኔ ልጅ፣ አንተ እኮ የሌላ ቤት ልጅ ሆነሃል» አሉኝ። በክፋት ቢሉት ይሻለኝ ነበር። እኔ በዛብህ ነኝ ብዬ እንባዬ እስኪደርቅ ባለቅስ አይዞህ፣ አይዞህ አሉኝ እንጂ አልነገሩኝም። በሁለተኛው ክረምት፣ በረዶ እየጣለ፣ አረፉ።

አባቴ ዛሬም እዚያው ግሮቭ ሲቲ ነው፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል። ከእንግዳ በላይ ያሉትን ስጠይቀው፣ በልጅነቱ ለትምህርት ከተማ ዘመድ ቤት ስላደገ አልሰማሁም ይለኛል። አገር ቤት ደወልን። የሚያውቁት ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉት አንዱ ወልዴ ይላል፣ ሌላው ኧረ ወልዴ የሚባል የለም ይላል። ስሜን በፍርድ ቤት ማስመለስ እንደሚቻል ተነግሮኛል። ቢመለስስ አባባ የት ሆነው ይሰሙታል?

ባለፈው ሰሞን ልጄ፣ መምህሯ የቤተሰብሽ ስም ከየት እንደመጣ ጠይቂ ብላት መጣች። አብረን ተቀመጥን። ስለ ሰሜን እንግሊዝ፣ ስለ ኮሸሽላው፣ ስለ መንጣሪው፣ አገሩን ጥሎ ስለ ሄደው ሰው ሳላቋርጥ ነገርኳት፣ አባቴ ያነበበው ሁሉ ቃል በቃል አለኝ። በእንግሊዝኛ እየጻፈች፣ «እኛስ ከዚያ በፊት ማን ነበርን?» አለችኝ። በዛብህ አልኳት፣ ተክሌ፣ እንግዳ። እርሳሷን ይዛ ቀጣዩን ጠበቀች።

«ከዚያስ፣ ዳዲ?»

ስለ ኮሸሽላው ብትጠይቀኝ የምመልሰው ነበረኝ።