እትዬ አሰለፈች ያልከፈቱት ደብዳቤ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። አንዲት የሰባ ስድስት ዓመት እናት ላይ በስልክ ጮኼአለሁ፤ ያንን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ እሳት ይሆናል። ግን ለኀፍረቴ ብዬ ዝም ብል የእሳቸው ነገር ተደብቆ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ይቆጨኛል።

እኔ የምኖረው መኪና ውስጥ ነው። "ምስኪን!" እንዳትሉኝ፤ ወድጄ ነው። የገበሬዎችን የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ ክፍሎች እጠግናለሁ። ዛሬ እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ ሼፐርተን ነኝ፣ በሳምንቱ ሚልዱራ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍለ ግዛት ተሻግሬ ኩዊንስላንድ። ከሦስት ዓመት በፊት ዌሪቢ የተከራየሁት ቤት ኪራዩ ሲጨምርብኝ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ለካ በወር አራት ቀን ብቻ ነው የማድርበት። ልጆቼ አድገዋል፤ ከእናታቸው ጋር ከተለያየን ቆይቷል። ቤቱን ለቀቅኩና ቫን ገዛሁ። አልጋ ገጠምኩበት፣ ምድጃ ገጠምኩበት፣ አበቃ።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም ነበር፤ ሕመም። ቀኝ ዳሌዬ ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ ራጁን አይቶ "መቀየር አለበት" አለኝ። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ነው፤ ጥሪውንም በፖስታ ነው የሚልኩት። እኔ ደግሞ ፖስታ የሚገባበት በር የለኝም። ስለዚህ የግል የጤና ኢንሹራንስ ልግባ አልኩ። ፎርሙን በስልኬ ስሞላ ሁሉም ደህና ነበር፤ "የመኖሪያ አድራሻ" የሚለው ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ባዶ ትቼው ላልፍ ብል እምቢ አለ። "ቫን" ብዬ ብጽፍም እምቢ አለ።

ያኔ ነው እትዬ አሰለፈች ትዝ ያሉኝ። ኮሊንግዉድ ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አስራ ሁለተኛው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ጎረቤታቸው ነበርኩ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም፤ ግን እንደኔ ለሚዞሩ አምስት ሰዎች ደብዳቤ ይቀበላሉ። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ቀለም ያለው የልብስ መቆንጠጫ መድበውልን፣ ደብዳቤዎቻችንን ቆንጥጠው ፍሪጁ ላይ ይደረድራሉ። አዲስ ሲመጣ ይደውላሉ።

"ኤርሚያስ፣ ያ ሐምራዊ ጃንጥላ ያለበት መጥቶልሃል።" ጃንጥላው የኢንሹራንሱ ኩባንያ ምልክት ነው።

እስቲ ይክፈቱትና ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ ካልኳቸው ግን ወይ ፍንክች! "የሰው ደብዳቤ አልከፍትም። መጥተህ ውሰድ።" በቃ።

ደውዬ ስለምናቸው አድራሻቸውን የፈቀዱልኝ ለደብዳቤ ብቻ ነበር። እኔ ብልጡ "የመኖሪያ አድራሻ" በሚለው ላይ ሞላሁት። ፈረምኩበትም። በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው አብሮት የሚኖረውን ሁሉ ማስመዝገብ እንዳለበት እያወቅኩ ነው እንግዲህ። ቢታወቅ ጣጣው ለሳቸው ነው። አልነገርኳቸውም፤ ምን አለበት አልኩ።

ለቀዶ ጥገናው ሽፋን ለማግኘት አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብኝ። እያነከስኩ ጠበቅኩ። ዓመቱ ሞላ፣ ቀኑም ቡክ ተደረገልኝ። አምስት ሳምንት ሲቀረው ኔትወርክ የማይደርስበት አንድ እርሻ ውስጥ ለዘጠኝ ቀን ሥራ ገባሁ።

ጨርሼ ዋናው መንገድ ላይ ስወጣ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። አስራ አንድ ሚስድ ኮል፣ ሁሉም ከእትዬ አሰለፈች። ሰው ሞቷል ብዬ መኪናዬን ዳር አቁሜ ደወልኩ።

"አንተ! የት ጠፍተህ ነው? ቀይ ጽሑፍ ያለበት ደብዳቤ መጣልህ። ቀይ ነገር ደግሞ ደግ አይደለም። ብደውል ብደውል አታነሳም። ይዤው ሄድኩ።"

"የት?"

"ቢሯቸው ነዋ! ከተማ በትራም ሳልፍ ያንን ጃንጥላ በሩ ላይ አይቼው የለ?"

እንግዲህ ደብዳቤውን እንደታሸገ ይዘው፣ በዚያ ዝናብ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። የቢሮዋ ልጅ በስልክ አስተርጓሚ አስጠራችላቸው። "የሌላ ሰው ጉዳይ ለእርስዎ መናገር አልችልም" ስትላቸው፣ "አንቺ አትንገሪኝ። እኔ ነኝ የምነግርሽ። ጻፊ" አሏት። "ሰውየው ገጠር ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ይህን ደብዳቤ አላየውም። ባላየው ነገር እንዳትቀጡት።" ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ እሱ የሚኖረው እርስዎ ቤት ነው ወይ?

"ምን አሏት?" አልኩ።

"እውነቱን ነዋ! ሰውየው የሚኖረው መኪናው ውስጥ ነው፤ እኔ ጋ የሚኖረው ደብዳቤው ነው አልኳት።"

ጮኽኩ። "እትዬ፣ ገደሉኝ እኮ! አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን ነገር ገደል ከተቱት! ማን ይሂዱ አለዎት?"

ቀስ ብለው፣ "እኔ ቤት እኖራለሁ ብለህ ፈርመህ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

ምክንያት ልደረድር ስል "በል እሺ" ብለው ዘጉት።

ዳሌዬ ይጠዘጥዘኛል። ቀዶ ጥገናው ቀረ፣ ከእንግዲህ ይህን እግር እየጎተትኩ ልኖር ነው አልኩ። ቁርጤን ልወቅ ብዬ ኢንሹራንሱ ቢሮ ደወልኩ። ፋይሌ ላይ ስሟን ጽፋ ስለነበር ያቺኑ ልጅ አገናኙኝ።

ለካ በዞርኩበት ሁሉ ለዳሌዬ ፊዚዮቴራፒ ያደረግኩባቸው ቦታዎች ሦስት የተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ስለሆኑ ነው ደብዳቤው የመጣው። ክፍያው እንደ ክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ፣ እውነት ቪክቶሪያ ነው የምትኖረው ነው ጥያቄው። እስከ አርብ መልስ ካልሰጠሁ ሽፋኑ ይታገድ ነበር። እትዬ አሰለፈች የሄዱት ሐሙስ ነው! ልጅቷ የነገሯትን ሁሉ ጽፋ ሁለት ሳምንት አራዝማልኛለች።

"እና የመኖሪያ አድራሻው ነገርስ?" አልኳት እየፈራሁ።

"ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርከንም? ቋሚ ቤት የሌለው ሰው አንተ ብቻ አይደለህም" አለችኝ። ቫኑ ቪክቶሪያ ውስጥ መመዝገቡን የሚያሳየውን የሬጆ ወረቀት ላክሁላት፣ አንድ ማረጋገጫ ፈረምኩ፣ የእትዬ አሰለፈች ቤት የፖስታ አድራሻ ብቻ ተብሎ ተስተካከለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ስትሰናበተኝ፣ እሳቸው ስለኔ ሲከራከሩ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያዳምጣቸው እንደነበር ነገረችኝ።

በማግስቱ የሰባት ሰዓት መንገድ ነድቼ ኮሊንግዉድ ደረስኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ይቅርታ ልል ጎንበስ ስል ዳሌዬ ያዘኝና እንዳጎነበስኩ ደርቄ ቀረሁ። ሳቃቸው መጣ።

"ተወው ተወው፣ ቀና በል! እዚሁ ትሰበርብኛለህ።"

ምሳ አቅርበውልኝ በልቼ ስጨርስ ነው የተናገሩት።

"የከፋኝ ስለጮህክብኝ አይደለም። ስላልጠየቅከኝ ነው። ብትጠይቀኝ ኖሮ ቢሮ ሄጄ አስመዘግብህና አልጋ እዘረጋልህ ነበር። እውነት ይሆን ነበር።"

"ላስቸግርዎ አልፈለግኩም እኮ" አልኩ።

"ይኸው አስቸገርከኝ አይደል? ያውም ሳልሰማ!"

እውነታቸውን ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሰው ላስቸግር አልወድም እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ነኝ። ለካ መጠየቅ ስለማልወድ የሰው አድራሻ እወስዳለሁ።

ቀዶ ጥገናው ከተደረገልኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሽፋኑም ሠራ፣ እግሬም ተመስገን ነው። ሐኪሞቹ ስድስት ሳምንት ሙሉ ቫን ላይ መውጣት አትችልም ሲሉኝ፣ በዚህኛው ጊዜ እርስዎ ጋ ልረፍ ወይ ብዬ እትዬን ጠየቅኳቸው። ነጠላቸውን አድርገው የመንግሥት ቤቶች ቢሮ ሄደው ስሜን አስመዘገቡ። ይህን የምጽፈው ሳሎናቸው ውስጥ ሆኜ ነው። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ ጠዋት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጸልይ ከጓዳ "እግዜር ይሰማሃል፣ ቀስ በል!" ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ለማያነበው ደብዳቤ እንደዚያ የሚጨነቅ ሰው፣ ለራሱ ምንም የማያገኝበትን ነገር እንደዚያ የሚከራከር ሰው፣ እኔ አላየሁም።

አዲስ ዳሌ የገባለት ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሲ ማጥለቅ አይፈቀድለትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ብርድ በባዶ እግሬ ስዞር ከረምኩ። በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት እንዴት ካልሲ አጥልቁልኝ እላለሁ? ትናንት ግን ጨከንኩ።

"እትዬ፣ ካልሲዬን ያጥልቁልኝ እባክዎ።"

"መች ይጠይቀኝ ይሆን እያልኩ ሳይህ ነበር" አሉና ዝቅ ያለች በርጩማ ስበው እግሬ ሥር ተቀመጡ። ግራውን አጠለቁ፣ ከዚያ ቀኙን፣ ቀስ ብለው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እንባዬን ልውጥ ብል አልዋጥ አለኝ።

"እግርህ በረዶ ሆኗል እኮ" አሉኝና ሌላ ካልሲ አምጥተው ደረቡልኝ።