ቲቸር ያለ ሚዛን የምትመዝነው

«አንቺ ልጅ፣ አፍህ ነው ያሳሰረህ፤ ወላሂ» አለችኝ የበርታዋ ማንጎ ነጋዴ፣ ገና ከበሩ ገብቼ ሳልቀመጥ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ውሸቷን ግን አልነበረም። ያስያዘኝ ስለ ተፈናቃዮች እርዳታ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ነው።

የእስር ክፍሏ ጠባብ ናት። የአሶሳ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ግድግዳው ሳይቀር ላብ ላብ ይሸታል። ሴቶቹ ቦታ ስለማይበቃቸው ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚተኙት። እኔ ስጨመር ጎዶሎ ሆንኩ።

ጥግ ላይ መነጽሯን በክር ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርት ናት አሉኝ። ቁጭ ማለት ስለማልችል ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«ቲቸር፣ አንቺስ ምን ሠርተሽ ነው?»

«ኮምፒውተሬ ውስጥ ኒውክለር የሚል ነገር አገኙ። ሥራዬ የአቶምን እምብርት፣ ኒውክለስን መመዘን ነው። ሚዛን ግን የለኝም።»

ሳቅኩባት። እሷም አልተቀየመችኝ። ፕሮቶንና ኒውትሮን አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ለየብቻ ከነበራቸው ክብደት ድምር ያንሳሉ፤ የጎደለው ሲያያዙ የለቀቁት ጉልበት ነው አለችኝ። ትምህርት ቤት ይህን የነገረኝ የለም፤ ነግረውኝም ከሆነ አልሰማሁም።

«አንዳንዱ ኒውክለሱን እንደ ውሃ ጠብታ ቆጥሮ ከውጭ ይገምታል። እኔ ከውስጥ ነው የምጀምረው፤ ማን ማንን ይስባል፣ ማን ከማን ጋር ይጣመራል እያልኩ። ከዚያ ማንም መዝኖት የማያውቀውን ክብደት አስቀድሜ እናገራለሁ።»

«ምን ይሠራል?»

«ብዙዎቹ ኒውክለሶች ሳይመዘኑ ይጠፋሉ። ወርቅ ግን የተፈጠረው በእነሱ በኩል አልፎ ነው፤ ከዋክብት ሲጋጩ።»

ነጋዴዋ ወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ ያደገች ናት። «ወርቅ አላህ ነው ያመጣው» አለች።

«ልክ ነሽ፣ እማ። እኔ በየት በኩል እንዳመጣው ነው የማሰላው።»

«ይሄን ሁሉ አውቀህ፣ ወርቅህ የታለ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ቲቸርም መነጽሯን አውልቃ ሳቀች።

ስንተኛ እኛን እያሳየች አስረዳችኝ። ጥንድ የሆኑት ጠበቅ ብለው ይያያዛሉ፤ ጎዶሎዋ ግን በቀላሉ ትወጣለች። «ስለዚህ አንቺ ቶሎ ትወጫለሽ» አለችና ወደ ግድግዳው ተጠግታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ጀርባዋ አጥንት ብቻ ነበር፤ ግን ይሞቃል። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቄ ስሄድ ያ ጀርባ ይናፍቀኛል። የት እንዳለች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ገና እስር ላይ ሳለሁ አንድ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ትሁት ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

«ስሚኝ እህቴ፣ መምህሯ ስለ ኒውክለር አስተምራሻለች?»

«አዎ።»

«ስለ ቦንብ ነው በይና ፈርሚ። አሁኑኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

በመስኮቱ እናቴ ትታየኛለች። ከደጅ የሚመጣ ምግብ መጀመሪያ ያመጣው ሰው ይቀምሰዋል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ዘበኛው «ቅመሺ» አላት፤ ከባሚያው ወጥ ጎረሰች። እያኘከች በመዳፏ አፏን ያዘች። እኔን አታየኝም። ሮጬ አንገቷ ውስጥ መግባት አማረኝ፤ የልብሷ ሽታ ከደጅ እስከ እኔ የሚደርስ ይመስል አየሩን በአፍንጫዬ ሳብኩ።

«ስለ ክብደት ነው ያስተማረችኝ» አልኩት።

«የምን ክብደት?»

ነገርኩት። ግማሹን አበላሸሁት መሰለኝ። ጠብታውን፣ ጥንዶቹን፣ ወርቁን ሁሉ ደባለቅኩበት።

«እየቀለድሽብኝ ነው?»

«አይደለም። ቦንብ የሚል ቃል ከአፏ አልሰማሁም።»

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። «እናትሽ ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

«አይቻታለሁ።»

እስክሪብቶውን መልሼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «ወጡን እንዳይመልሱባት ንገርልኝ» ብዬ ተነሳሁ።

ዘበኛው ክንዴን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ «መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩትና ከፊቱ ቀድሜ ወደ ክፍሉ ሄድኩ።