የሐሻብ ሙጫ ነው ያልሁት

ያን ቀን እውነቱን ባነብላቸው ኖሮ፣ እማማ ጥሩ መድኃኒቱን ይወስዱት ነበር ወይ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። እናንተ ግን ስሙኝ፤ ቸኩላችሁም አትፍቱኝ።

እማማ ጥሩ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከጎንደር በእግራቸው የመጡ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጆቼን ይዘውልኝ ትምህርት ቤት የሰደዱኝ እሳቸው ናቸው፤ «ሂጅ ተማሪ፤ ለሁለታችን አንድ ዓይን ይበቃናል» ብለው። ከዚያ ወዲህ ወረቀታቸውን ሁሉ የማነብ እኔ ነበርሁ። የልጃቸውን ደብዳቤ ሳነብ የተሳሳተውን ቃል እንኳ እንደተሳሳተ ነበር የማነብላቸው።

ደም ግፊት አንዴ ጥሏቸው ከተነሡ ወዲህ ጉሮሯቸው ክኒን አላሳልፍ አለ። ጦርነቱ ሳይመጣ ነው፤ መዝገብ የምይዝበት ክሊኒክ በስሪዲ ፕሪንተር መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች መጡ። ማሽኗ ከመርፌ ጫፍ እንደ ክር የሚወጣ ለስላሳ ነገር በላይ በላዩ እየደረበች የሚታኘክ ክኒን ታወጣለች፤ ለየሰዉ በልኩ። እማማ ጥሩ ቆመው አይተው አይተው፣ «ወይ ጉድ! ይችማ ከእኔ በላይ ጥልፍ ታውቃለች» አሉ። ክኒኑንም ወደዱት።

ሁዳዴ ገባ። ክኒኑን በመዳፋቸው ይዘው፣ «አንች ልጅ፣ እስቲ ወረቀቱን እይልኝ፤ የጦም ነው?» አሉኝ።

አየሁት። ጄላቲን ይላል፤ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ። ካወቁ እስከ ፋሲካ አይነኩትም ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን አጠፍሁና፣ «የሐሻብ ሙጫ ነው» አልኋቸው።

«እሱንማ አውቀዋለሁ! ስንሰደድ ከግራሩ እየለቀምን በልተነው የለ? ኸላስ፣ በቃ የጦም ነው» ብለው አኘኩት።

ዋሸኋቸው። የመረጥሁት ውሸት ደግሞ ከገዛ ረኀባቸው የተቀዳ ነበር። አዳንኋቸው ብዬ ልመካ? ቄሱን ጠይቀን ለበሽተኛ የሚፈቀደውን መስማት አንችልም ነበርን? ፋሲካ ካለፈ በኋላ የክሊኒኩን ፋርማሲስት ብጠይቃት፣ «ከባሕር አረም የሚሠራም አለን እኮ፤ ምነው ያኔ ብትነግሪኝ!» አለችኝ። ማሽኗ ለሰው ልክ የምትሠራ ነበረች። ጾማቸውም ልካቸው ነበር። ያንን የማውቅ እኔ ነበርሁ፤ እኔ ግን ሁዳዴውን ሙሉ ዝም አልሁ።

ባለፈው ወር ከሰላ ከተማ ያለው ልጃቸው በአውቶቡስ ደብዳቤ ላከ፤ በጦርነቱ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ በወረቀት ነው የሚጽፈው። እንዳነብላቸው ይዘውልኝ መጡ። ሳልከፍተው የክኒኑን እውነት ነገርኋቸው።

ሳቁ። «አንች ሞኝ! እንዳልሞትብሽ ፈርተሽ ነዋ። የጦሙን ነገር እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ቀጥለውም ደብዳቤውን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ግድ የለሽም» አሉ፤ «የጎረቤታችን የዓለምነሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታነብልኛለች።»